የካልሲየም ኪኒንና የአጥንት ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በጎንደር መድኃኒት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ስለ ካልሲየም በየጊዜው የሚነሡ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ መልሶቹ ሐኪም በግል ለሚሰጥዎት ምክር ምትክ አይደሉም።

ካልሲየም ለሰውነት ምን ይሠራል?

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። የቀረው 1 በመቶ በደምና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚዘዋወር ሲሆን፣ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት እንዲያስተላልፍና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ይኸው ጥቂቱ ነው። ስለዚህም ሰውነት በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዳይዛባ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ከምግብ የሚገባው ሲያንስ በአንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ እጢዎች ሆርሞን ያመነጩና ከአጥንት ተበድሮ ደሙ እንዲሞላ ያደርጋሉ።

ይህ ብድር ለዓመታት ሳይመለስ ሲቀር አጥንቱ ይሳሳል። የአጥንት መሳሳት ብቻውን አያምም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በቀላል መውደቅ የእጅ አንጓ፣ የዳሌ ወይም የጀርባ አጥንት ሲሰበር ነው። በደም ምርመራ «ካልሲየምዎ ልክ ነው» መባሉም ስለ አጥንቱ ሁኔታ ብዙ አይናገርም፤ ደሙ ልክ የሆነው ከአጥንት እየተወሰደ ሊሆን ይችላልና። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባለው ልዩ የራጅ ምርመራ ነው።

በቀን ምን ያህል ያስፈልገኛል?

በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው የአሜሪካ መመዘኛ ከ19 እስከ 50 ዓመት ላሉ አዋቂዎች በቀን 1,000 ሚሊግራም (ሚ.ግ.)፣ ከ51 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሴቶችና ከ71 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወንዶች 1,200 ሚ.ግ.፣ በማደግ ላይ ላሉ ከ9 እስከ 18 ዓመት ልጆች ደግሞ 1,300 ሚ.ግ. ይላል። እንግሊዞች ለአዋቂ 700 ሚ.ግ. ይበቃል ባዮች ናቸው። ሁለት የበለጸጉ አገሮች ይህን ያህል መራራቃቸው ቁጥሩ በየቀኑ ካልተሟላ ጉዳት የሚያስከትል ቁርጥ ያለ ልክ አለመሆኑን ያሳያል።

ለአዋቂዎች ከፍተኛው ወሰን እስከ 50 ዓመት 2,500፣ ከዚያ በላይ ላሉ 2,000 ሚ.ግ. ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ምግብንና ኪኒንን አንድ ላይ የሚቆጥሩ ናቸው፤ ስለዚህ የኪኒኑ ድርሻ ከምግብ የጎደለውን መሙላት እንጂ ሙሉውን የቀን ፍላጎት መሸፈን አይደለም።

እንጀራ፣ ጎመንና ወተት አይበቁም ወይ?

ለብዙ ሰው ወደ በቂው ያደርሳሉ፤ ነገር ግን እንጀራው ከምን እንደተጋገረ ይወስነዋል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ወደ 180 ሚ.ግ. የሚጠጋ ካልሲየም ሲኖር፣ በዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚ.ግ. በላይ ይገኛል፤ በነጭ የስንዴ ዱቄት፣ በበቆሎና በሩዝ ውስጥ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጤፍ ሲወደድ በሊጡ ውስጥ የፎገራ ሩዝ የሚቀላቅል ቤተሰብ ሳያውቀው የካልሲየም ምንጩንም ይቀንሳል፤ በዳጉሳ የሚቀላቅል ግን ይጨምራል። ዳጉሳ ለጠላና ለአረቄ ብቻ የሚፈለግ እህል ተደርጎ መታየቱ በዚህ ረገድ የሚያስቆጭ ነው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ሊጡ በሚገባ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ስለሚቀንስ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል።

ከቅጠላ ቅጠል የሐበሻ ጎመን ጥሩ ምንጭ ነው፤ ካልሲየሙም በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ቆስጣ ከጎመን ጋር አንድ ተደርጎ ቢታይም ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙን ይዞ ከሰውነት ይወጣል። አንድ መካከለኛ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ሚ.ግ. ይሰጣል። አይብ ግን በአሲድና በሙቀት ስለሚረጋ የካልሲየሙ ብዙው ክፍል ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ቅቤ ደግሞ ከነጭራሹ የለውም ማለት ይቻላል።

ለማስላት ያህል፣ 200 ግራም ያህል የጤፍ ዱቄት የገባበት እንጀራ፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ ጭልፋ ጎመን በቀን የሚመገብ ሰው ወደ 800 ሚ.ግ. ገደማ ያገኛል። እንዲህ ለሚበላ ጤናማ ጎልማሳ ኪኒን መግዛት አስፈላጊ አይመስለንም።

በጾም ወራትስ?

ከላይ ያለው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት፣ በየሳምንቱም ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ወተትና የወተት ተዋጽኦ አይቀምስም። የጎደለውን በምግብ ለማካካስ ጎመኑን ማዘውተር፣ ዳጉሳ በእንጀራው መጨመር፣ ተልባንም ከገበታው አለማራቅ ይጠቅማል፤ በ100 ግራም ተልባ ውስጥ ወደ 250 ሚ.ግ. ካልሲየም አለ። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ ከነልጣጩ በ100 ግራም ከ900 ሚ.ግ. በላይ ቢኖረውም፣ አብዛኛው በልጣጩ ውስጥ ከኦክሳሌት ጋር ታስሮ ስለሚገኝ ቁጥሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ የሚበላውም ቢሆን ካልሲየም ያለው በአጥንቱ እንጂ በሥጋው ስላልሆነ ከጎርጎራ በሚመጣው ትልልቅ ዓሣ ላይ ብዙ ተስፋ መጣል አይቻልም።

ጾሙን በሙሉ የሚጾሙ፣ በተለይም ያረጡ ሴቶችና አረጋውያን፣ በጾሙ ወራት ብቻ በቀን 500 ሚ.ግ. ያህል ካልሲየም ስለመውሰድ ሐኪም ቢያማክሩ ተገቢ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር የሚዋጥ በመሆኑ ጠዋት በባዶ ሆድ መውሰድ አያስፈልግም፤ ከቅዳሴ በኋላ ከሚበላው ምግብ ጋር መውሰድ ለሕክምናውም ለጾሙም ይስማማል። አንዳንዱ እንክብል ከእንስሳት የሚገኝ ጄላቲን ስላለው ይህ የሚያሳስበው ሰው በእንክብል ፈንታ ጠፍጣፋውን ኪኒን እንዲሰጡት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይችላል። ረመዳን የሚጾሙ ሙስሊሞች ወተቱ ስላልተከለከለባቸው ችግሩ ይቀላቸዋል፤ ኪኒን የታዘዘላቸውም አንዱን ከአፍጥር፣ ሌላውን ከሱሑር ምግብ ጋር ሊወስዱት ይችላሉ።

ጎንደር ፀሐይ እያለ ቫይታሚን ዲ ለምን ይታዘዛል?

ቫይታሚን ዲ ከሌለ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በበቂ መጠን አይገባም፤ ኪኒኑ ብቻውን ብዙ ጥቅም የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝና ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ በመሆኗ ቆዳችን ቫይታሚኑን የሚያመርትበት ጨረር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። የሚጎድለው ቆዳው ከጨረሩ ጋር መገናኘቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮና ሱቅ ውስጥ የሚውል፣ ሰውነቱን በነጠላና በጋቢ ተሸፍኖ የሚሄድ፣ ወይም ሕመም ከቤት እንዳይወጣ ያደረገው ሰው ፀሐይ ባለበት ከተማ እየኖረ ሊያጥረው ይችላል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም።

ሕፃናትን ብርድ ያገኛቸዋል ተብሎ ለወራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠቅልሎ ማቆየት ሪኬትስ ለሚባለው የአጥንት መለስለስ ያጋልጣቸዋል፤ የጤና ባለሙያዎች ሕፃናቱ ፀሐይ እንዲሞቁ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የተጣመመ እግር ወይም የዘገየ መራመድ ያለበትን ልጅ በራስ ውሳኔ የካልሲየም ሽሮፕ ከማጠጣት በፊት ማስመርመር ይገባል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታልን ወይም ፌኒቶይንን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎችም ቫይታሚን ዲ ቶሎ ስለሚያልቅባቸው ይህንኑ ለሐኪማቸው ማንሣት አለባቸው።

ወገቤንና ጉልበቴን ያመኛል፤ ካልሲየም ይሻለኛል?

ባብዛኛው አይሻልዎትም። የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከመገጣጠሚያ መበላት፣ የወገብ ሕመም ደግሞ ከጡንቻና ከዲስክ የሚመጣ ሲሆን፣ ካልሲየም ለሁለቱም መድኃኒት አይደለም። «ካልሲየም አንሶህ ነው» የሚለው ምርመራ የሌለበት ምክር ብዙ ሰው ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝ እንዲዘገይ ያደርጋል። በአንጻሩ አረጋዊት እናት በድንገት ከባድ የጀርባ ሕመም ከጀመራቸው፣ ቁመታቸው ካጠረ ወይም ጀርባቸው ከጎበጠ የጀርባ አጥንት መሰበር ሊሆን ስለሚችል ራጅ መነሣት አለባቸው።

ኪኒኑ አጥንቴ እንዳይሰበር ይከላከላል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 3,270 ሴቶችን ያካተተ ሲሆን፣ በቀን 1,200 ሚ.ግ. ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ከወሰዱት መካከል የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረው ካልወሰዱት ይልቅ በግልጽ ያነሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ያረጡ 36,282 ሴቶችን ለ7 ዓመታት ያህል ተከታትሎ የዳሌ አጥንት ጥግግት በጥቂቱ ቢሻሻልም የስብራቱ ቁጥር በአስተማማኝ ሁኔታ አለመቀነሱን አገኘ።

የሁለቱ ልዩነት ጥናቱ በማን ላይ እንደተካሄደ ሲታይ ይገለጣል። ፈረንሳዊቶቹ አማካይ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት በላይ፣ በምግብ የሚያገኙት ካልሲየም አነስተኛ፣ ቫይታሚን ዲም የጎደላቸው ነበሩ፤ አሜሪካዊቶቹ ግን ኪኒኑን ከመጀመራቸው በፊትም በአማካይ ከ1,000 ሚ.ግ. በላይ ያገኙ ነበር። የጎደለው ሰው ይጠቀማል፤ ያልጎደለው ሰው ላይ የሚጨመረው ግን ለአጥንቱ እምብዛም አይረባም። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2018 በቤታቸው ለሚኖሩ ጤናማ ያረጡ ሴቶች እስከ 1,000 ሚ.ግ. የሚደርስ ካልሲየምና እስከ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለስብራት መከላከያ ብሎ በየዕለቱ መውሰድን አልደገፈም። ይሁንና ወተት እንደ ልብ የማይገኝበትና ጾም የሚበዛበት ቤት ያሉ እናቶቻችን በአመጋገባቸው ይበልጥ የሚመስሉት ፈረንሳዊቶቹን ይመስለናል።

ቀድሞ የተሰበረ ወይም በዴክሳ መሳሳቱ የተረጋገጠ አጥንት ያለው ሰው በካልሲየም ብቻ አይታከምም፤ ለዚህ የሚታዘዙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፣ ካልሲየሙና ቫይታሚን ዲው ለእነርሱ ድጋፍ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሕሙማንም አጥንታቸው በፍጥነት ስለሚሳሳ ጉዳዩን ከጅምሩ ማንሣት ይገባቸዋል።

የትኛውን ዓይነት ልግዛ? በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቁጥርስ ምን ማለት ነው?

ዋናዎቹ ካልሲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ሲትሬት ናቸው። ካርቦኔቱ ከክብደቱ 40 በመቶው፣ ሲትሬቱ 21 በመቶው፣ ግሉኮኔቱ ደግሞ 9 በመቶው ብቻ ንጹሕ ካልሲየም ነው። ስለዚህ «ካልሲየም ካርቦኔት 1,250 ሚ.ግ.» የሚል ኪኒን 500 ሚ.ግ. ካልሲየም ሲሰጥ፣ «ካልሲየም ግሉኮኔት 500 ሚ.ግ.» የሚለው 45 ሚ.ግ. ብቻ ይሰጣል። ዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህን መጠየቅ ይበጃል።

ለአብዛኛው ሰው ርካሹ ካርቦኔት በቂ ነው። ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ግን ለጨጓራ ሕመም ኦሜፕራዞልን ዘወትር ለሚወስዱ ሰዎች ሲትሬቱ ይመረጣል። በውጭ አገር ስም ታሽጎ በውድ የሚሸጥ ብልቃጥ በውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ያው ካርቦኔት ነው።

መቼና እንዴት ልውሰደው?

ካርቦኔቱን ከምግብ ጋር፣ ሲትሬቱን በፈለጉት ሰዓት ይውሰዱ። አንጀት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚ.ግ. በላይ በሚገባ ስለማይቀበል 1,000 ሚ.ግ. የታዘዘለት ሰው ለሁለት ከፍሎ መውሰድ አለበት። የሆድ ድርቀትና የሆድ መነፋት የተለመዱ ናቸው፤ ውኃ በብዛት መጠጣት ያቃልላቸዋል፣ ካልሆነም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከደም ማነስ ኪኒኑ ጋር ልውሰደው?

የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች በምግብ የሚያገኙት ካልሲየም አነስተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ሚ.ግ. እንዲወስዱ ይመክራል። ዓላማው ከአጥንት ይልቅ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለውን፣ የእናቲቱንም የጽንሱንም ሕይወት የሚያሰጋውን ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት መከላከል ነው። ይህን ያህል ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለብዙ ሴቶች አስቸጋሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡ በሕንድና በታንዛኒያ የተካሄዱ ጥናቶች ግን 500 ሚ.ግ. ፕሪኤክላምፕሲያን በመከላከል ከ1,500 ሚ.ግ. እንደማያንስ አሳይተዋል። ለእርስዎ የሚስማማውን መጠን የክትትል ባለሙያዎ ይወስኑልዎታል።

በክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ከካልሲየም ጋር አንድ ላይ መዋጥ የለበትም፤ ካልሲየሙ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ካልሲየሙን ከምሳ ጋር፣ ብረቱን ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ በቀላሉ የሚያዝ ልማድ ነው። ብረቱን በሻይና በቡና አለመዋጥም እኩል አስፈላጊ ሲሆን፣ ቡናው ሦስት ጊዜ በሚጠጣበት ቤት ይህን ማክበር ከካልሲየሙ ይልቅ ይከብዳል።

የምታጠባ እናት አጥንት በማጥባት ወራት በጥቂቱ ይሳሳል፤ ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ግን በአብዛኛው ስለሚመለስ ሊያስደነግጥ አይገባም።

የኩላሊት ጠጠር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

በከፊል። ከላይ በተጠቀሰው የ2006 የአሜሪካ ጥናት ኪኒኑን ከወሰዱት ሴቶች መካከል ጠጠር የታየባቸው በ17 በመቶ በልጠዋል። በምግብ የሚገኘው ካልሲየም ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በአንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን አስሮ ስለሚያስወጣው የተለመደውን የጠጠር ዓይነት ይቀንሳል። ስለዚህ ጠጠር ያለበት ሰው ወተት መተው የለበትም፤ ኪኒን ከታዘዘለትም በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር መውሰድ አለበት። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ካልሲየሙ በደም ሥሮች ላይ ሊከማችበት ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ እንዳይወስድ።

ልብንስ ይጎዳል?

እ.ኤ.አ. በ2010 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ቀደምት ጥናቶችን አጠቃለው ኪኒኑ ድንገተኛ የልብ ሕመምን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ሲጽፉ ብዙ ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት ማስረጃውን መርምረው ጠቅላላው ካልሲየም ከከፍተኛው ወሰን እስካላለፈ ድረስ ለልብ ጉዳትም ጥቅምም እንደሌለው ደመደሙ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የጎደለውን በ500 ሚ.ግ. ለሚሞላ ሰው ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ሳይጎድልበት «ለማንኛውም» ብሎ ለዓመታት ለሚውጥ ሰው ግን ጥቅሙ ሳይኖር ስጋቱን ብቻ መቀበል ነው።

ከሌሎች መድኃኒቶቼ ጋር ይጋጫል?

ከአንዳንዶቹ ጋር ይጋጫል፤ በተለይ ሁለት መድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ሊቀር ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በአንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቁ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲኑ ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። በዶሉቴግራቪር ላይ ያሉ የኤችአይቪ ታካሚዎችም ይህንኑ የጊዜ ርቀት መጠበቅ፣ ወይም ሁለቱን ከምግብ ጋር አንድ ላይ መውሰድ ይገባቸዋል፤ በባዶ ሆድ አንድ ላይ መዋጥ የቫይረሱን መድኃኒት ያዳክመዋል። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ሰዎች በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ስለሚቀንስባቸው፣ ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ የደም ካልሲየም ከፍ ሲል የልብ ምት መዛባት ሊደርስባቸው ስለሚችል፣ ሁለቱም በራሳቸው ፈቃድ መጀመር የለባቸውም።

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ካልሲየም ታዘዘልኝ፤ አጥንቴ ደኅና ከሆነ ለምን?

በደጋማው የአገራችን ክፍል እንቅርት ብዙ ስለሚታይ ይህ ጥያቄ ጎንደር ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሣል። የፓራታይሮይድ እጢዎች አራት ጥቃቅን እጢዎች ሲሆኑ አብጦ እንቅርት ከሚሆነው ከታይሮይድ እጢ ጀርባ ተጣብቀው ስለሚገኙ፣ እንቅርቱ ሲወጣ የደም ሥራቸው ሊጎዳ ወይም ለጊዜው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይወርዳል፤ በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፎች መደንዘዝና ውርር ማለት፣ የእጅና የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ ይታያል። እዚህ ላይ ካልሲየሙ የታዘዘው ለደሙ ነው። ቫይታሚን ዲን በኩላሊት ወደሚሠራበት ዓይነት የሚለውጠውም የእነዚሁ እጢዎች ሆርሞን በመሆኑ፣ አብሮ የሚታዘዘው ካልሲትሪዮል ወይም አልፋካልሲዶል ከተራው ቫይታሚን ዲ የተለየ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

በአብዛኞቹ ሰዎች እጢዎቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገግማሉ፤ ጥቂቶች ግን ዕድሜ ልክ መውሰድ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የሚቀነሰውም የሚቋረጠውም በደም ምርመራ እየታየ ነው እንጂ «ተሽሎኛል» በማለት አይደለም። ሙሉ ታይሮይዱ የወጣለት ሰው የታይሮይዱን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲንም ስለሚወስድ በሁለቱ መካከል የ4 ሰዓት ርቀት ያስፈልጋል፦ ሌቮታይሮክሲኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ካልሲየሙ ከምሳና ከእራት ጋር።

ከጃናሞራ፣ ከጠለምት ወይም ከቋራ ለሕክምናው የመጣ ታካሚ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት እስከ ቀጠሮው የሚበቃ ኪኒን መያዝ አለበት፤ በየገጠሩ መድኃኒት ቤት ይገኛል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ኪኒኑን እየወሰደም ቢሆን ጣቶቹ ከተኮራመቱ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ድምፁ በድንገት ከተዘጋ ኪኒን ጨምሮ እስኪሻለው መጠበቅ የለበትም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ግሉኮኔት ወደሚገኝበት ጤና ተቋም በዚያው ሰዓት መሄድ ይኖርበታል፣ ሲደርስም እንቅርት መውጣቱን አስቀድሞ ይንገር።